ጓሮው የሚዘጋጀው ዝናቡ ሳይመጣ ነው

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የደሴ ሰማይ ዳመና ቋጥሮ የመጀመሪያውን ዝናብ ጣል ሲያደርግ እኔም «በቃ፣ ጊዜው ደረሰ» ብዬ ተነሳሁ። በማግስቱ ሦስት ፓኬት ዘር ገዛሁ፤ ካሮት፣ ቆስጣና ቲማቲም። ዶማ ከጎረቤት ተዋስኩ። ግቢው ጥግ ላይ ያለችውን ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ቦታ ቆፍሬ፣ ዘሩን በትኜ፣ ፎቶ አንስቼ ስቶሪ ላይ ለጠፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ጓሮ ያገኘሁት ምርጥ ነገር ያ ፎቶ ነው።

ካሮቱ ሦስት እግር አውጥቶ ዝንጅብል መስሎ ወጣ። ቆስጣው ሚያዝያ ላይ ደህና ነበር፤ ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ ጠወለገ። ቲማቲሙ ደግሞ ገና ፍሬ ሳይዝ ክረምቱ መጣበትና ቅጠሉ ጠቁሮ ቀረ። ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እትዬ ግን በዚያው ሰፈር፣ በዚያው አፈር፣ በዚያው ዝናብ ለፋሲካ ጎመን ቀንጥሰው ለእኛም አካፈሉን። «እንዴት ነው ነገሩ እትዬ? እርስዎ ምን አድርገው ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «አብሽር ልጄ! አንተ የጀመርከው እኮ እኔ ስጨርስ ነው» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ እሳቸው ዝናቡ ሳይመጣ ጨርሰውት ስለነበረው ሥራ ነው።

የእኛ ጸደይ የትኛው ነው?

ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የጸደይ ጓሮ አዘገጃጀት ብላችሁ ብትፈልጉ ቪዲዮ በሽ ነው። ችግሩ አብዛኛው የተሠራው ለሌላ አገር መሆኑ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰው የሚጠብቀው ብርዱ እስኪወጣለት ነው፤ «የመጨረሻው ውርጭ ቀን» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ከዚያ ቀን ወደኋላ እየቆጠሩ ችግኝ ያፈላሉ። እኛ የምንጠብቀው ውሃ ነው። ውርጩማ ደሴ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሲያስጨንቀን ከርሞ በበልግ መግቢያ ላይ ይለቀናል።

በነገራችን ላይ፣ ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መስከረምንና አደይ አበባን ነው። በባሕረ ሐሳቡ አከፋፈል ግን የአበባው ወቅት መጸው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ሲሆን ሌላ ስሙ በልግ ነው። የሜትዮሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ በልግ የሚሉት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ነው። ስለዚህ ወሎ ውስጥ የጸደይ ጓሮ ስንል የበልግ ጓሮ ማለታችን ነው።

በልግ ደግሞ ለወሎ ተራ ነገር አይደለም። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርደው ቢሆንም፣ ደቡብ ወሎ በበልግም ከሚያርሱት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በደጋው በኩል ገብስ በበልግ ተዘርቶ ክረምቱ ሳይጠና የሚታጨድበት ቦታ አለ። ነገር ግን በልግ ቃሉን የማይጠብቅ እንግዳ ነው። አንዳንዴ የካቲት ላይ ብቅ ብሎ ሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ አንዳንዴ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ያስጠብቃል። በ2007 ዓ.ም. ጭራሽ ከሸፈ፣ ከዚያም ኤልኒኞ ያዳከመው ክረምት ተከተለው። በደህናው ዓመት እንኳን ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ እስኪገባ፣ ደረቅ ክፍተት አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዝናቡ አጭርና የማይታመን ከሆነ፣ በመጣባት በእያንዳንዷ ሳምንት የሚጠቀምባት ተክል አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ብስባሹ ገብቶ፣ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል አውጥቶ መጠበቅ አለበት። እኔ ዘር ስበትን የእትዬ ጎመን በዝናቡ እያደገ ነበር። የስድስት ሳምንት ልዩነት ማለት ነው፤ በበልግ ስድስት ሳምንት ደግሞ ግማሹ ወቅት ነው።

ሐረጎን ሲወርዱ

ሌላው የኔ ስህተት ቲማቲሙን የመረጥኩት ኮምቦልቻ ያለች የአክስቴን ልጅ ጓሮ አይቼ መሆኑ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በታክሲ ስትሄዱ አንድ ከተማ ሊመስላችሁ ይችላል። ለተክል ግን ሌላ አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሐረጎን ስትወርዱ አራት ዲግሪ ያህል ታተርፋላችሁ። ጃኬታችሁን ጢጣ ላይ ለብሳችሁ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የምታወልቁት በከንቱ አይደለም።

ለደሴ የሚሆነው ብርድ የሚችለው ነው፤ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት። በተለይ ድንች። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡትን ጉደኔና በለጠ የሚባሉትን ዝርያዎች ካገኛችሁ አትለፏቸው። የዘር ድንቹን ብርሃን በሚያገኝ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ዘርግታችሁ አጭርና ወፍራም ቡቃያ እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ጨለማ ውስጥ የበቀለው ነጭና ረጅም ቡቃያ ሲተከል ይሰበራል። የካቲት መጨረሻ የተተከለ ድንች ሰኔ ላይ ይቆፈራል፤ ሐምሌ ከገባ በሽታው አይጣል ነው።

ለኮምቦልቻ ደግሞ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ግቢው ከፈቀደ አንድ ሁለት እግር ፓፓያ። የቲማቲሙ ሒሳብ ግን እዚያም ጠበቅ ያለ ነው። ችግኙ መደብ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ ከተተከለ በኋላ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ይፈልጋል። ከክረምቱ በፊት ለመልቀም ከተፈለገ ጥር ላይ ማፍላት የግድ ነው። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው መልካ ሾላ ለቤት ጓሮ ምቹ ከሆኑት አንዱ ነው።

ደሴ ላይ ቲማቲም ፈጽሞ አይሆንም አላልኩም። ድንጋይ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ካላችሁ ሞክሩ። ግን ጦሳ ከምዕራብ በኩል ፀሐይዋን ቀድሞ ይጋርዳታል፤ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ጥላ የሆነበት ሰፈር አለ። ቲማቲም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ስልካችሁን አውጡና በአንድ የበጋ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ግቢያችሁን ፎቶ አንሱት። ጥላው የት እንደሚያርፍ ይነግራችኋል። ከኔ ስቶሪ የሚሻል ፎቶ ነው።

አፈሩን አትርገጡት

የደሴ አፈር ብዙ ቦታ ዋልካ ነው፤ ሲርስ ጫማ የሚያወልቅ፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው። ካሮቴን ዝንጅብል ያደረገው እሱ ነው። ሥሩ ወደ ታች ሲሄድ ጓል ያገኘዋል፣ ይታጠፋል። ዋልካ በእርጥብነቱ ከተቆፈረ ጡብ ይሆናል፣ ደርቆ ሲጠና ደግሞ ዶማ ይሰብራል። ጥር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ማታ ትንሽ ውሃ ረጭ አድርጎ ጠዋት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መቆፈር፣ ጓሉን መከስከስ፣ ድንጋዩን መልቀም። ከዚያ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ማውጣት። አንድ ሜትር የሚሆነው ከሁለቱም ጎን እጅ መሀሉ ድረስ እንዲደርስና ማንም ላዩ ላይ እንዳይቆም ነው። የተረገጠ ዋልካ እንደገና መቆፈር ነው ትርፉ።

ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ያልሆነ ግቢ ፈልጉ፣ መደቡን ወደ ታች ሳይሆን ተዳፋቱን አቋርጣችሁ ወደ ጎን አውጡት፤ ከላዩ የጎርፍ መውረጃ ቀይሱ። የመጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ የዓመት ልፋታችሁን ጠራርጎ ቦርከና እንዳይከተው።

አፈሩን የሚያቀናው ብስባሽ ነው። እዚህ ላይ ግን ላታልላችሁ አልፈልግም። ደሴ ላይ ብስባሽ በብርዱ ምክንያት ሦስት አራት ወር ይፈልጋል፤ ለበልግ የሚደርሰው ጥቅምትና ኅዳር ላይ የተጀመረው ነው። ዛሬ የምትጀምሩት ለክረምቱ ይሆናችኋል። ለአሁኑ የከረመ፣ ጠቁሮ አፈር አፈር የሚሸት የከብት ፍግ ፈልጉ፤ በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ። ትኩሱን አታስገቡ፣ ሥር ያቃጥላል። ፍጉም ቢሆን እንደ ድሮው በነጻ አይገኝም፤ ኩበት ሆኖ ምጣድ ሥር መግባት የሚጠብቀው ገበያ አለው። አፈሩና ምድጃው በአንድ ነገር የሚሻሙበት አገር ነው የኛ።

ብስባሹን የምትጀምሩት በደረቅና በእርጥብ ነው። ደረቁ ጭድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፤ እርጥቡ ልጣጭ፣ ሣር፣ የቡና አተላ። ደረቁ ከእርጥቡ እጥፍ ይሁን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በቀን የሚጠጣበት የወሎ ቤት አተላ አጣሁ ቢል ማንም አያምነውም። ሥጋና ዘይት አይገባም፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት እንደ ተጠመቀ ጨርቅ ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መገልበጥ፣ በቃ።

ግቢ ለሌላችሁ

«እኔ የምኖረው ኪራይ ቤት ነው፣ ምን ጓሮ አለኝ» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዱን ማዳበሪያ ውሰዱ (ከረጢቱን ማለቴ ነው፤ በአማርኛ ዕቃውም መያዣውም አንድ ስም ይዘው ቀርተዋል)። ሥሩና ጫፉ የተቆረጠ ጣሳ መሀሉ ላይ አቁማችሁ ጣሳውን በጠጠር፣ ዙሪያውን በአፈርና በፍግ ትሞላላችሁ፤ ጣሳውን ወደ ላይ ትስቡና እንደገና ትሞላላችሁ። መጨረሻ ላይ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ዓምድ ይኖራችኋል፤ ከላይ የምታፈሱት ውሃ በእሱ አድርጎ እስከ ታች ይደርሳል። ጎኑን በየስንዝሩ ብስት ብስት አድርጋችሁ የቆስጣና የሰላጣ ችግኝ ትተክላላችሁ። አንድ ከረጢት ከሃያ በላይ እግር ይይዛል፤ አከራያችሁም ስትለቁ ይዛችሁት እንደምትሄዱ ካወቀ አይቆጣም።

ቢጫ ጄሪካን ጎኑ ተቀድዶም ይሆናል። ለቆስጣና ለሰላጣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ለካሮት 30፤ ቲማቲም ለአንዱ እግር 20 ሊትር ዕቃ ይፈልጋል። ሥሩን መብሳት አትርሱ። ሃቫና ከተማ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሶቭየት ኅብረት ፈርሳ ነዳጅና ምግብ ሲቋረጥባት ሰዉ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ሳጥን ሠርቶ፣ አፈር ሞልቶ አትክልት አብቅሏል። መሬት ማጣት ትልቁ ችግር አይደለም።

ትልቁ ችግር ውሃ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን አንድ ካሬ ሜትር አትክልት ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይጠጣል። የኔ 12 ካሬ ሜትር በቀን ሦስት ጄሪካን ያህል ነበር የሚፈልገው፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ሦስት ጄሪካን ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጓሮውን በመሬታችሁ ስፋት ሳይሆን በውሃችሁ ልክ ለኩት። በቀን አንድ ጄሪካን ካላችሁ አራት ካሬ ሜትር ትክል ናት። የምስር፣ የሩዝና የአትክልት እጣቢ ለጓሮ ይሆናል፤ በረኪና የነካው ግን አይሆንም። አፈሩን በጭድ ወይም በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ሸፍኑት፤ ያ የግንቦት ክፍተት ሲመጣ ልዩነቱን ታያላችሁ። ማጠጣት በጠዋት ነው።

ኮምቦልቻ ያላችሁ አንድ ነገር አደራ። ወደ ቦርከና የሚገቡት ጅረቶች የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ በተደረጉ ጥናቶችም ክሮሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረቶች ተገኝተውባቸዋል። ቅጠላ ቅጠል በዚያ ውሃ አታጠጡ። ማጠብና መቀቀል ጀርም ይገድላል እንጂ ብረት አያወጣም።

ሁለት ዓይነት ምግብ

«ይሄ ሁሉ ልፋት ለአንድ እስር ጎመን?» ያለኝ ጓደኛ አለ። በብር ብቻ ካሰላነው ልክ ነው፣ ብዙ አያዋጣም። አራት ካሬ ሜትር እንጀራ አይሆንም፤ ድርቅም አይመክትም። ግን ሌላ ሒሳብ አለ፤ ያንን የተማርኩት ደግሞ ከራሳችን ከወሎ ታሪክ ነው።

የኢኮኖሚ ባለሙያው አማርትያ ሴን፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማለት ነው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የ1965ቱን የወሎ ረሃብ አጥንቷል። የ1964ቱ ክረምት ደካማ ነበር፣ የ1965ቱ በልግም ከሸፈ። ሰው አለቀ። ሴን ያገኘው አስደንጋጭ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ይህን ያህል አለመናሩና ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል መኖሩ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚሸጠውም አልነበረው፣ ስለዚህ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ፤ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ምግብ በገበያ መኖሩና ምግብ በቤት መኖሩ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

በጣም ወደ ኋላ መሄድም አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዛቸው ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። አካውንቱ ላይ ብር ያለውም የሌለውም ያው ሆነ። በዚያ ሰሞን ጓሮው ጎመን ያለው ሰው ቢያንስ ለወጡ መልስ ነበረው። እትዬ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ረጅም አያወሩም፤ «ጎመኔ አበላን» ብለው ወሬውን ይቀይሩታል።

በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ቀላል የሆነ ማሳያ አለ። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ክርስቲያኑ የጾም ወጥ፣ ሙስሊሙ የማፍጠሪያ ሾርባ ይፈልጋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካሮትና ድንች ፍለጋ ገበያ ይወጣል። ደሴ ላይ ሁለቱም በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት፤ እኛ ግቢ እንዲያ ነው። በዚያ ጊዜ ሰሃን ይዞ ወደ ጎረቤት ጓሮ መሻገር የሚችል ሰው ዋጋውን አይጠይቅም። ይህንን ለማግኘት ግን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ መትከል ነበረባችሁ፤ ቆስጣ ከዘር እስከ መጀመሪያው ቅንጥስ ሁለት ወር ይፈጃልና። ዘንድሮ አመለጠን። አሁን የሚዘራው ለሚያዝያ ነው።

ዘሩ ከየት?

ፓኬት ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ድቅል ወይም ሃይብሪድ የሚል ከሆነ ምርቱ ጥሩ ነው፣ ከእሱ የምትይዙት ዘር ግን በሚቀጥለው ዓመት እናቱን አይመስልም። የማብቂያ ቀኑንም እዩ፤ የሽንኩርት ዘር በተለይ ዓመት ካለፈው አያስተማምንም። ጥርጣሬ ካላችሁ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፤ በሳምንት ውስጥ ሰባቱ ካልበቀሉ ዘሩን ሞልቼ ልዝራ ከማለት ሌላ መግዛት ይሻላል። ካሮት በቦታው ይዘራል እንጂ ችግኙ ተነቅሎ አይተከልም፤ ይህን ባለማወቅ የካሮት ችግኝ መደብ ያዘጋጀ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ በልጉ ሳይገባ የወቅት ትንበያ ያወጣል፤ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን ለየአካባቢው ይናገራል። ስልካችሁ ላይ ያለው የአየር ሁኔታ አፕ ለነገና ለተነገ ወዲያ ይረዳ ይሆናል፤ ለወቅት ግን ይሄኛውን ተከታተሉ። «ከመደበኛ በታች» ካለ መደቡን ቀንሱ፣ ጉዝጓዙን ጨምሩ።

እኔ ዘንድሮ መደቤን በጥር የመጀመሪያው ሳምንት ጨረስኩ። አራት ካሬ ሜትር ብቻ። የጎመን ዘሩን ፓኬት አልገዛሁም። እትዬ ባለፈው ዓመት ከሁሉም የወፈረችውን አንዷን ጎመን ሳይቀነጥሱ ትተዋት ነበር፤ አበበች፣ ዘር ያዘች፣ ቅርንጫፏን ቆርጠው ማጀት ውስጥ ሰቀሉት። ሰሞኑን ጨርቅ ላይ ወቅተው ከፋፈሉት፤ አብዛኛው ለዘር፣ ትንሿ ለምጣድ ማሰሻ። ለኔ በሲኒ ሰፈሩልኝ። በዝቶብኛል ብላቸው «ግማሹን ለኮምቦልቻዋ ልጅ ላክላት» አሉኝ። «ቶሎ ዝሪው በላት፤ እዚያ ፀሐዩ አይጠብቅም።»